ፊውዙ ለሽቦው ነው

ሞተራቸው በቁልፍ የሚነሣ ጀልባዎች፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መንገደኛ የሚያመላልሱትም ሆኑ ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ የሚያስጎበኙት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በኩል ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይዘው ይጓዛሉ። ባትሪው የተገዛው ሞተር ለማስነሣት ነው። ነገር ግን ባትሪ አንዴ ከገባ ሌላው ጓዝ ይከተላል፤ ዛሬ የስልክ ቻርጀር፣ ነገ የማታ መብራት፣ ከዚያ ጂፒኤስ፣ ከዚያ የውኃውን ጥልቀትና ዓሣውን የሚያሳየው ስክሪን፣ አለፍ ሲልም የመገናኛ ሬዲዮ። እነዚህ ሁሉ ትናንሽ ናቸው። አብዛኞቹ ከ1 አምፔር ያነሰ ነው የሚወስዱት። ትናንሽ በመሆናቸውም ሲገጠሙ የሚጠየቀው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ቀዩ የት ይግባ፣ ጥቁሩ የት ይግባ? ቀዩ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ላይ ይታሰራል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህ ጥያቄ ነገሩን ከተሳሳተው ጫፍ እንደሚጀምረው ነው። በጀልባ ላይ አደገኛው ዕቃ ባትሪው ነው፤ ለአደጋ የሚጋለጠው ደግሞ ከባትሪው እስከ መሣሪያው የሚዘረጋው ሽቦ ነው። ስለዚህ ፊውዝ የሚገባው ለሽቦው ሲባል ነው። ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው፣ መጠኑም የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት ነው። ይህን የተቀበለ ሰው የቀረውን የዝርጋታ ሥርዓት አብዛኛውን ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ጀልባ ውሰዱ፤ ባትሪው ከኋላ፣ መሣሪያዎቹ ከነጂው ፊት ናቸው። ከባትሪው የተነሣ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ጥንድ ሽቦ በጎን ሽፋኑ ሥር ተሸሽጎ ወደ ፊት ይሄዳል። ከባትሪው 2 ሜትር ላይ አንዲት የቪቲ ጫፍ ወደ ውስጥ ወጣ ብላለች። ጀልባው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሽቦው እሷ ላይ ይታሻል። አንድ ቀን የሁለቱም ሽቦዎች ልባስ ይበላና መዳብና መዳብ በቪቲዋ በኩል ይገናኛሉ፤ ኮንታክት ተፈጠረ ማለት ነው። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 0.0172 ኦም ገደማ መቋቋም አለው። የኛ ሽቦ ሄዶ ሲመለስ 4 ሜትር ስለሆነ መቋቋሙ 0.046 ኦም ይሆናል። ለባትሪው ውስጣዊ መቋቋም 0.01 ኦም እንስጠው፤ ጤናማ የሞተር ማስነሻ ባትሪ ከዚህም ያነሰ ስለሆነ ለባትሪው ሳይሆን ለሽቦው አዝነን ነው። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ነው። ያንን ለ0.056 ስናካፍለው 225 አምፔር ገደማ ይመጣል። በዚህ ጅረት ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 2,300 ዋት ያህል ነው። የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ የምጣዱ ሙቀት ሁለት ሦስተኛ፣ ክብደቱ ከ50 ግራም ብዙም በማያልፍ ክር ላይ ወረደ ማለት ነው። የመዳብን ሙቀት የመያዝ አቅም ይዘን ስናሰላው ሽቦው በመጀመሪያው ሰከንድ ውስጥ ብቻ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይጨምራል። ተራው የሽቦ ልባስ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው፤ ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው 105። አንዱ ተሳፋሪ «ምንድነው የሚሸተው?» ብሎ ሳይጨርስ ልባሱ ቀልጦ፣ አጠገቡ ያለው ፋይበርግላስ፣ ስፖንጅና የነዳጅ ቱቦ ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ጂፒኤሱ ምን ሆነ? ምንም። ተነቅሎ ኪስ ውስጥ ቢሆን እንኳ እሳቱ አይቀርም ነበር። ጅረቱ ከባትሪ ወጥቶ ቪቲዋ ላይ ተመልሷል፤ መሣሪያው ዘንድ አልደረሰም። ከዚህ በኋላ የፊውዙ ቦታ የምርጫ ጉዳይ አይሆንም። ፊውዝ የሚቆርጠው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን ጅረት ብቻ ነው። ከነጂው ፊት፣ ከመሣሪያው ጀርባ የተቀመጠ ፊውዝ ከሱ በኋላ ያለውን አንድ ስንዝር ሽቦ ይጠብቃል፣ ከሱ በፊት ያለው ስድስት ሜትር ግን ጠባቂ የለውም። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ቢሆን ኖሮ፣ 10 አምፔር ቢሆን፣ 225 አምፔር ከአቅሙ ሃያ ሁለት እጥፍ ነውና ሽቦው ለብ ከማለቱ በፊት በተበጠሰ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመውና የአሜሪካን የጀልባ አሠራር ደረጃዎች የሚያወጣው ኤቢዋይሲ የተባለው ምክር ቤት ለዚህ ልክ አበጅቶለታል፤ ፊውዙ ከኃይል ምንጩ በሽቦ ርዝመት ከ7 ኢንች ማለትም ከ18 ሴንቲ ሜትር ገደማ መራቅ የለበትም ይላል። ሽቦው በቀጥታ ከባትሪው ጫፍ ከተነሣና ሙሉ በሙሉ በቱቦ ወይም በሽፋን ውስጥ ካለፈ እስከ 1.8 ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ደንቡን ለምታነቡ ሰዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ርቀቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከባትሪው እንደሚለካ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ዕቃውን በእጁ ከያዘ ሰው ነው። «መሣሪያው ከፋብሪካ ሲመጣ ገመዱ ላይ ፊውዝ አለው፤ ሌላ ፊውዝ ምን ያደርጋል?» ይላል። ትክክል ነው፣ አብዛኞቹ አሏቸው፤ በመስመር ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ 3 አምፔር ወይም 2 አምፔር የምትል ቀጭን ፊውዝ ትገኛለች። ያቺ ግን የተቀመጠችው አምራቹ ስለ ሁለት ነገር ብቻ ስለሚያውቅ ነው፤ ስለ መሣሪያውና አብሮት ስለሰጠው አጭር ገመድ። ጀልባው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ገመዱ በምን ዓይነት ሽቦ እንደሚቀጠል፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ አያውቅም። አምራቹ የሰጠው ገመድ ቀጥታ ባትሪው ድረስ የሚደርስ ከሆነና ፊውዟም በባትሪው በኩል ካለች ክርክር የለኝም፤ ያቺ ፊውዝ የሽቦው ፊውዝ ሆነች ማለት ነው። ገመዱ አጥሮ አምስት ሜትር ከተቀጠለ ግን ቅጥያው የራሱን ፊውዝ ይፈልጋል። ሁለቱ አይጋጩም። የባትሪው ፊውዝ ሽቦውን፣ የመሣሪያው ፊውዝ መሣሪያውን ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የበለጠ ተሰሚነት አለው። «12 ቮልት ሰው አይነዝርም፤ በእርጥብ እጅ ቢነኩት እንኳ ምንም አያደርግም» ይባላል። ስለ ንዝረት የተባለው እውነት ነው። ስሕተቱ ከዚህ ተነሥቶ ስለ እሳት መደምደሙ ላይ ነው። ሰውን የሚነዝረው ቮልቱ ጅረትን በቆዳ ውስጥ የመግፋት አቅሙ ሲሆን፣ ሽቦን የሚያግለው ግን አምፔሩ ነው። እንዲያውም ዝቅተኛ ቮልት ለሽቦ የከፋ ነው። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ በቤታችን 220 ቮልት ላይ ከሩብ አምፔር እምብዛም አያልፍም፤ በጀልባው 12 ቮልት ላይ 5 አምፔር ይወስዳል። ሙቀት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ በዚያው ሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ከ330 እጥፍ በላይ ነው። የቤት ኤሌክትሪክ የለመደ እጅ «1.5 ሽቦ ለስንት አምፖል ይበቃል» ብሎ የያዘውን ልማድ ይዞ ጀልባ ላይ ሲወጣ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰውነቱ የማይፈራውን ነገር ዓይኑም መጠራጠር ይተዋል።

ማስረጃው ወረቀት ላይ ያለ ስሌት ብቻ አይደለም። ቦት ዩኤስ የተባለው የአሜሪካ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ከመድን ካሳ መዝገቦቹ ተነሥቶ የጀልባ ቃጠሎ መነሻዎችን ሲዘረዝር፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ከኤሌክትሪክ መስመርና ከኤሌክትሪክ ዕቃ ጋር ያያይዛቸዋል፤ ከነዚህም ትልቁን ድርሻ የያዘው የባትሪው መስመር ነው፤ የተበላ ልባስና ኮንታክት። ይህን ቁጥር እንዳለ አምጥቼ ጣና ላይ ልለጥፈው አልፈልግም። የነሱ ጀልባ ወደብ ላይ ሲቆም ከምድር መብራት ይሳባል፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይሸከማል፤ የኛዎቹ ይህ የላቸውም። የባትሪው መስመር ግን እዚያም እዚህም ያው ነው። በአንጻሩ፣ ስለ ጀልባ እሳት በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው የካሊፎርኒያው ኮንሴፕሽን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2019 34 ሰዎች ያለቁበት፣ እዚህ ክርክር ውስጥ ቦታ የለውም። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ የእሳቱን መነሻ ሊወስን አልቻለም። ባለማስረጃ ክርክርን በሬሳ ብዛት ማጠናከር ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፊውዙ መጠን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው ሥራ የሚበላሸው። ሙሉ ኮንታክት ከባድ ቢሆንም ለፊውዝ ቀላል ነው፤ 225 አምፔር ማንኛውንም ትንሽ ፊውዝ ይበጥሳል። የሚያስቸግረው ግማሽ ኮንታክት ነው፤ በከፊል የተነካካ ክር፣ ተጣብቆ መዞር ያቃተው ፓምፕ። እንዲህ ያለው ጉድለት 25 አምፔር ብቻ ሊስብ ይችላል። ባለ 1.5 ሽቦ ላይ 10 አምፔር ፊውዝ ካለ፣ 25 አምፔር ከእጥፉ በላይ ስለሆነ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይበጠሳል። ተራዎቹ ባለ ሁለት እግር የመኪና ፊውዞች በእጥፍ ጅረት ቢዘገዩ አምስት ሰከንድ ነው። እዚያው ሽቦ ላይ 30 አምፔር የገባ እንደሆነ ግን ፊውዙ ምንም ስሕተት አላየም፤ 25 ለሱ የዕለት ሥራው ነው። ሽቦው በሽፋኑ ሥር ከሌሎች ጋር ታስሮ፣ አየር ሳያገኝ፣ ቀኑን ሙሉ ይግላል። ስለዚህ የፊውዙ ቁጥር ሽቦው ያለ ጉዳት ከሚሸከመው ማለፍ የለበትም፤ መሣሪያው ከሚፈልገው ግን ከፍ ሊል ይችላል። ፊውዝ ሲበጠስ ከፍ ያለ ቁጥር መትከል፣ ይባስ ብሎም የሲጋራ ፓኬት ብር ወረቀት ጠቅልሎ ወይም ከተራ ሽቦ አንድ ክር መዝዞ በቦታው ማስገባት፣ በዚህ ዓይን ሲታይ ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ፊውዙ ቢበጠስ አንድ ብልሽት ነበር፤ ወረቀቱ ሲገባ ያው ብልሽት ከነምስክሩ ጠፋ። እርግጥ ፊውዝ ትክክለኛ የአምፔር መለኪያም አይደለም። ከቁጥሩ አሥር በመቶ ብቻ ያለፈን ጅረት ለብዙ ሰዓት ሊያሳልፍ ይችላል። ለዚህም ነው የሽቦው አቅምና የፊውዙ ቁጥር አፍንጫ ለአፍንጫ እንዳይገናኙ ትንሽ መተንፈሻ መተው የሚሻለው።

ሽቦው ራሱ በምን ይመረጣል? በአቅሙ ብቻ ቢሆን ቀጭን ሽቦ ለትንሽ መሣሪያ በበቃ ነበር። ግን ረጅም ሽቦ ቮልት ይበላል፤ 12 ቮልት ላይ ደግሞ የሚበላው ትንሽ ነገር ብዙ ነው። የመገናኛ ሬዲዮን እንውሰድ። ቪኤችኤፍ የሚባለው ቋሚ የጀልባ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ከግማሽ አምፔር በታች ይበቃዋል፤ በ25 ዋት ሲያስተላልፍ ግን ከ5 እስከ 6 አምፔር ይጎትታል። ስድስት ሜትር ርቆ በባለ 1.5 ሽቦ ቢገጠም፣ መንገዱ ደርሶ መልስ 12 ሜትር ነው። በ5 አምፔር ወደ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ከ12 ቮልት 6 በመቶ ገደማ ነው። ሽቦውን ባለ 4 ብናደርገው ኪሳራው ወደ 0.26 ቮልት፣ ማለትም ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ደንብ ለመገናኛ፣ ለመጓጓዣ መብራትና ለመሳሰሉት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይባክን፣ ሕይወት ለማይንጠለጠልባቸው ደግሞ እስከ 10 በመቶ እንዲፈቀድ ያዛል። ባትሪው ሙሉ ሳለ 0.7 ቮልት ቢጎድል ሬዲዮው ላይከፋው ይችላል። ባትሪው ወደ 11.8 በወረደበት ማታ፣ መገጣጠሚያውም ትንሽ ሲዝግ ግን፣ ያ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ደኅና ሆኖ ለመናገር ቁልፉ ሲጫን ይጠፋል። ባለቤቱ ሬዲዮው ተበላሸ ብሎ ጥገና ይወስደዋል። ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ደኅና ይሠራል፤ እዚያ ሽቦው አንድ ሜትር ነው።

ይህን ብልሽት የሚያጋልጠው አንድ አለካክ ብቻ ነው። መልቲሜትሩን የሬዲዮው መግቢያ ላይ አድርጎ ሬዲዮው ጠፍቶ ሳለ ቢለኩት 12.5 ይላል። ቀጭኑም ሽቦ፣ የዛገውም መገጣጠሚያ 12.5 ያሳያሉ፣ ምክንያቱም ጅረት በሌለበት የሚባክን ቮልት የለም። ሰዎች ይህን ቁጥር አይተው መስመሩን ደኅና ነው ይላሉ። መለካት ያለበት የማስተላለፊያው ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ነው፤ በዚያው ቅጽበት ባትሪው ላይ 12.4፣ ሬዲዮው ላይ 11.5 ከተነበበ 0.9 ቮልቱ መንገድ ላይ አለ። ከዚያ መለኪያውን በየመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ እያደረጉ ቢሄዱ የበላው ቦታ ራሱን ይገልጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ሽቦው በቮልት ኪሳራው ይመረጣል፣ ፊውዙ ደግሞ በሽቦው። መሣሪያው ውሳኔ የሚሰጠው ስንት አምፔር እንደሚፈልግ በመናገር ብቻ ነው።

ስለ መገጣጠሚያ ካነሣን፣ ባለ አንድ ክር ድፍን የቤት ሽቦ ለጀልባ አይሆንም። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ የማይነቃነቅ ነው የተሠራበት ሐሳብ፤ ሞተር በሚያንቀጠቅጠው ጀልባ ላይ መዳቡ እየታጠፈ ይደክምና ልባሱ ውስጥ እንደተሸሸገ ይሰበራል። ባለ ብዙ ክር መሆን አለበት። በስታኞ ብቻ የተበየደ መገጣጠሚያም ከዚያው ወገን ነው። ስታኞው በክሮቹ መካከል ሰርጎ ሽቦውን ድፍን ያደርገዋል፣ ስብራቱም ስታኞው ካቆመበት ጠርዝ ላይ ይጀምራል። በትክክለኛ መጨመቂያ ተጨምቆ፣ በቡሎንና በዳዶ የሚያዝ የሽቦ ጫፍ ይሻላል። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለአንድ ቀን ነው። እዚህ ላይ የሚነሣው መቃወሚያ «የኛ ሐይቅ ጨው የለውም፤ ይህ የባሕር ሰዎች ጥንቃቄ ነው» የሚል ነው፤ በከፊል እቀበለዋለሁ። ጣና ጨው አልባ ነው። ክሩ ሁሉ በቲን የተለበሰው የባሕር ሽቦ ቀይ ባሕር ላይ ግዴታ የሚሆነውን ያህል ጣና ላይ አስፈላጊ አይደለም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። በዚህ ረገድ ጥሩ የመኪና ሽቦ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ውፍረት ላይ ማዋል ያስኬዳል። ነገር ግን የቪቲዋ ጫፍና የ225 አምፔሩ ስሌት ስለ ጨው ምንም አልተናገሩም።

የመመለሻው መስመር ብዙ ጊዜ ይረሳል። መኪና ላይ ጥቁሩን ሽቦ አካሉ ላይ ማሰር ልማድ ነው፤ ብረቱ ራሱ መመለሻ ይሆናል። ጀልባ ላይ፣ በተለይ አሉሚንየም ከሆነ፣ ይህ አይደረግም። ጅረት በቀፎው በኩል እንዲመለስ ከተፈቀደለት ከፊሉ በውኃው ውስጥ መንገድ ሊያገኝ ይችላል፣ በወጣበት ቦታም ብረቱን ይበላዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ሽቦ ኖሮት፣ ጥቁሮቹ ሁሉ ባንድ የመዳብ ዘንግ ላይ ተሰብስበው፣ ከዚያ በአንድ ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው ይመለሳሉ። ኮምፓስ አጠገብ የሚያልፉ ከሆነ ቀይና ጥቁሩን መጎንጎን ነው። ሂያጁና ተመላሹ ጅረት የሚፈጥሩት የማግኔት ኃይል እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ መርፌውም አይዛባም።

እስካሁን ካነሣኋቸው ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ግን ይህ ነው፤ «ፊውዝ የሚቆርጠው በክፉ ሰዓት ነው። ማዕበል ላይ፣ ውኃ እየገባ፣ ፓምፑ ወይም ሬዲዮው በፊውዝ ምክንያት ቢጠፋ ማን ተጠቀመ?» ክረምት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቅ ላይ የነበረ ሰው ይህን ሲጠይቅ በቀላሉ ሊመለስ አይገባም። ደንቡ ራሱ ለዚህ ሐሳብ አንድ በር ከፍቶለታል፤ የሞተር ማስነሻው ወፍራም ሽቦ ፊውዝ አይጠየቅም። ያ ሽቦ ግን አጭርና ወፍራም ነው፣ በሥራው ጊዜም መቶዎች አምፔር ስለሚያሳልፍ ፊውዝ ሊለየው አይችልም። ለፓምፑ የተሰጠው መፍትሔ ሌላ ነው፤ ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶም እንዲሠራ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፣ የራሱን ፊውዝ ግን ይዞ። ምክንያቱም ፊውዙ የተበጠሰው ጅረቱ ሽቦውን ሊያቃጥል በደረሰ ጊዜ ከሆነ፣ ፊውዝ ባይኖር ፓምፑ አይተርፍም ነበር፤ ሽቦው ተቃጥሎ ያው ይቆማል፣ እሳት ተጨምሮበት። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ፊውዝ ላይ ማንጠልጠል ላይ። የስልክ ቻርጀሩ ኮንታክት ሬዲዮውን ይዞ እንዳይሞት ለእያንዳንዱ የየራሱ ፊውዝ፣ ባትሪው ዘንድ ደግሞ ለዋናው መጋቢ ሽቦ አንድ ትልቅ ፊውዝ ይኖራል። ትርፍ ፊውዞች በዚያው ሣጥን ክዳን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸው ከአንድ ሊትር ቤንዚን አይደርስም።

ሌላም አለ፤ ፊውዝ ሲበጠስ ይፈነጥቃል፣ ባትሪ ሲሞላ ደግሞ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ሃይድሮጅንም በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲሆን መቀጣጠል ይጀምራል፤ የቤንዚን ትነትም ከኋላው ክፍል ግርጌ ይተኛል። ታዲያ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አድርጉ ማለት ክብሪትን ወደ ጋዙ ማቅረብ አይደለም ወይ? ይህ እውነተኛ ግጭት ነው፤ አንዱን ብቻ ይዞ መሟገት አይቻልም። የ1.8 ሜትሩ ፈቃድ እዚህ ላይ ይረዳል። ሽቦው ከባትሪው ሣጥን በቱቦ ውስጥ ወጥቶ፣ ከነዳጁ ክፍል ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ላይ ፊውዙን ያገኛል። ከዚያ በላይ መቅረብ ካስፈለገ ብልጭታው እንዳይወጣ ታሽጎ የተሠራና ቤንዚን ላለበት ቦታ የተፈተነ የፊውዝ ዓይነት አለ፤ ተራው የመኪና ፊውዝ ሣጥን ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ባትሪውም ክፍት በሆነ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሃይድሮጅን ቀላል ነውና መውጫ ካገኘ አይጠራቀምም።

በሶላር ሥራ በኩል ገበያ የገቡት የሊትየም ባትሪዎች ይህን ሁሉ ትንሽ ይቀይሩታል፣ ወደ ማቅለሉ ግን አይደለም። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ክብደቱ ቀላል፣ ቮልቱም ሲሠራ የማይዋዥቅ ስለሆነ ለመሣሪያ ተስማሚ ነው፤ የሬዲዮው ጭንቀት ይቀንሳል። ውስጣዊ መቋቋሙ ግን ከእርሳስ ባትሪ ያነሰ ነው፣ ኮንታክት ላይ የሚለቀውም ጅረት በዚያው ልክ ይበዛል። «ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ይቆርጠዋል» የሚሉ አሉ፤ ይቆርጣል፣ እስከሚሠራበት ቀን ድረስ። መቆጣጠሪያው የተሠራው ሴሎቹን ለመጠበቅ ሲሆን፣ ባለ 100 አምፔር መቆጣጠሪያ ባለ 1.5 ሽቦ ላይ የሚያልፈውን 60 አምፔር እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። በዚህ ላይ ፊውዝ ሁለተኛ ቁጥር እንዳለው ይወቁ፤ ያለ ፍንዳታ ሊቆርጠው የሚችለው ከፍተኛ ጅረት። ተራው ባለ ሁለት እግር ፊውዝ እስከ 1,000 አምፔር ነው የሚቆርጠው፤ ባትሪው ጫፍ ላይ በቡሎን የሚታሰረው ኤምአርቢኤፍ በ14 ቮልት እስከ 10,000፣ ክላስ ቲ የሚባለው እስከ 20,000። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊውዙ ቀልጦም ቅስቱ በመካከሉ መንደዱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ትልቅ የሊትየም ባትሪ ባለበት ጀልባ መጀመሪያው ላይ ክላስ ቲ ወይም ኤምአርቢኤፍ፣ ከሱ ቀጥሎ በማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ ለየመሣሪያው ተራዎቹ ትናንሽ ፊውዞች ይገባሉ። የመሣሪያዎቹ ሽቦም ያን ጊዜ ከባትሪው ራስ ሳይሆን ከማከፋፈያው ይነሣል፤ ለነሱ ሲባል ባትሪው ራስ ላይ የሚታሰረው አንድ ቀይ ሽቦ ብቻ ነው።